የድሬ የጤና ገንዘብ፦ ማን ይሰጣል፣ ማን ይጠይቃል፣ መንገዱስ የማን ነው?

ሰኔ ሲያልቅ ወይ ሐምሌ ሲገባ አንድ ዜና አይቀርም። «የድሬዳዋ አስተዳደር ምክር ቤት የቀጣዩን ዓመት በጀት አጸደቀ» ይላል። የተነሱ እጆች ፎቶ አለበት። «ለጤና ዘርፍ ትኩረት ተሰጥቷል» የምትል መስመርም አትጠፋም። ከከዚራ እስከ መጋላ ሰው ዜናውን ይሰማና «አቦ፣ መድኃኒቱስ የታለ?» ብሎ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

ጥያቄው ትክክል ነው። ችግሩ የተጠየቀው አስፋልት ላይ መሆኑ ነው። መድኃኒቱ ለምን እንደጠፋ የሚያውቅ ኃላፊ አለ። ያንን ኃላፊ ጠርቶ «አስረዳ» የማለት ሥልጣን ያለው አካልም አለ። ሁለቱ በዓመት ውስጥ ደጋግመው ይገናኛሉ። ሲገናኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወሬው ስለ መቶኛ ነው። የበጀት አፈጻጸም ይህን ያህል በመቶ ደረሰ፣ እቅዱ ይህን ያህል በመቶ ተሳካ። ሽንኩርት ግዛ ብላ ልጇን ከፊራ ገበያ የላከች እናት፣ ልጁ ባዶ ዘንቢል ይዞ ተመልሶ «ብሩን መቶ በመቶ ተጠቅሜያለሁ» ቢላት ምን እንደምታደርገው እናውቃለን። ምክር ቤት ላይ ግን ይህ መልስ ያስጨበጭባል።

እስቲ ገንዘቡን ከምንጩ እንከተለው።

ድሬዳዋ ክልል አይደለችም። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የተሰጣት ቻርተር ያላት፣ ለፌደራል መንግሥት ተጠሪ የሆነች የከተማ አስተዳደር ናት። የራሷ ምክር ቤት፣ ከንቲባ፣ ካቢኔና ዋና ኦዲተር አላት። ክልል ባትሆንም እንደ ክልሎቹ ከፌደራሉ በጀት ጥቅል ድጎማ፣ ማለትም ለምን እንደሚውል ራሷ የምትወስነው ገንዘብ፣ ይደርሳታል። ከዚያ ላይ አስተዳደሩ ራሱ የሚሰበስበው ግብር ይጨመራል። ሦስተኛው፣ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከታካሚና ከጤና መድን የሚሰበስቡት የውስጥ ገቢ ነው። አራተኛው እርዳታ ሲሆን በብርም በዓይነትም ይመጣል። ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት፣ አጎበር፣ አንዳንዴም መኪና።

የውስጥ ገቢው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቀደም ሲል ታካሚ ካርድ ሲያወጣ የሚከፍላት ብር በሙሉ ወደ ፋይናንስ ቢሮ ትሄድ ነበር። ጤና ጣቢያው ጓንት ቢያልቅበት ብሩን ከሰበሰበበት መስኮት አንስቶ መግዛት አይችልም ነበር። የጤና ፋይናንስ ማሻሻያው ይህንን ቀየረ። አሁን ተቋሙ የሰበሰበውን ይዞ፣ በራሱ ቦርድ አስወስኖ፣ ለመድኃኒትና ለጥራት ማሻሻያ ያውላል። ጥሩ ለውጥ ነው፣ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የቦርዱ ስብሰባ እንደ ምክር ቤቱ ጉባኤ በቴሌቪዥን አይታይም። ምክር ቤቱ ድጎማውንና ግብሩን መስመር በመስመር ሲያይ፣ ይሄኛው ብር በድምሩ ውስጥ አንድ ቁጥር ሆኖ ያልፋል።

በጀት ጨመረ የሚለው ዜናም ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት አገልግሎቶች የሚመድበው ሀብት እየጨመረ እንዲሄድ ያስገድዳል። የአፍሪካ መሪዎችም በ1993 አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታቸው ቢያንስ 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል ቃል ገብተዋል። በብር ሲታይ መጨመሩ አይቀርም። የፌደራሉ በጀት ራሱ በ2017 ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር፤ የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ። እጥፍ ገደማ ማለት ነው። በመሐል ግን የውጭ ምንዛሪው በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ የብር ዋጋ ወርዷል። መድኃኒቱና የላቦራቶሪ ኬሚካሉ ደግሞ በብዛት ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ «ካምናው በብር ስንት ጨመረ?» ከማለት «አምና የገዛነውን ያህል መድኃኒት ዘንድሮ ለመግዛት ስንት ይበቃል?» ማለት ይሻላል።

ሌላ ደግሞ አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ የድሬዳዋ ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፤ በትንበያ ነው የምንኖረው። ድጎማም እቅድም ከሕዝብ ብዛት ጋር ይያያዛል። የድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ተራ ላይ የተቀመጠውን ሰው ብታዩት ግን ሁሉም የድሬ ነዋሪ አይደለም። ከምሥራቅ ሐረርጌ የመጣ አለ፣ ከሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን የመጣ አለ። ሐኪም «መታወቂያህ የየት ነው?» ብሎ አያክምም፣ ደግሞም ማለት የለበትም። ይሁንና በነዋሪ ልክ የተመደበ በጀት በታካሚ ልክ ሲከፋፈል ማለቁ የግድ ነው። ይህንን ከጎረቤቶቹና ከፌደራል መንግሥት ጋር የሚያስተካክል ስምምነት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ የምክር ቤት አባል ሥራ ነው።

ማን ማንን ይጠይቃል?

ብዙ ሰው «ፓርላማ» ሲል አንድ አዳራሽ ይታየዋል። ለአንድ የድሬ ታካሚ ግን ቢያንስ ሦስት ቦታ አለ።

የመጀመሪያው የድሬዳዋ ምክር ቤት ነው። ጤና ቢሮውን፣ በእሱ ሥር ያሉትን ድል ጮራንና ሳቢያን ሆስፒታልን፣ ጤና ጣቢያዎቹንና ጤና ኬላዎቹን የሚጠይቀው እሱ ነው። በቋሚ ኮሚቴዎቹ በኩል ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ሪፖርት ማስቀረብ፣ ኃላፊ መጥራት ይችላል። ሁለተኛው የተቋሙ ቦርድ ነው፤ የውስጥ ገቢውን የሚያይ።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ያለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ከ547 መቀመጫ ድሬዳዋ ያላት 2 ብቻ ነው። ሁለት ናቸው ብሎ መናቅ አያስፈልግም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች የፌደራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና የሥራ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። ቀጣዩ ንዑስ አንቀጽ ደግሞ የአባላቱ አንድ ሦስተኛ ከጠየቁ ምክር ቤቱ በሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን ሥር ባለ ማንኛውም ጉዳይ ላይ እንዲወያይ ያደርጋል። የድሬ ተመራጮች ይህንን ለብቻቸው አይሞሉትም። ጤና ሚኒስትሩ ሲመጡ የሚነሳ አንድ ጥሩ ጥያቄ ግን አንድ ሦስተኛ አይፈልግም።

አሁን አንድ ታካሚ ይዘን እንሂድ። በድሬ ጤና ጣቢያ ታየ። ወደ ድል ጮራ ተላከ። ከዚያም ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልገው በደንገጎ ዳገት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ገባ። ሕይወት ፋና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌደራል ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው አዲስ አበባ ያለው ምክር ቤት ነው። የድሬ ምክር ቤት አይጠይቀውም፤ ሆስፒታሉ ሐረር ከተማ ውስጥ ቢሆንም የሐረሪ ምክር ቤትም በጀቱን አያጸድቅለትም። ያንን ሰው የተሸከመችው መኪና ደግሞ የማን እንደሆነች ገና አልነካንም።

መድኃኒቱም እንዲሁ ነው። የመንግሥት ጤና ተቋም መጀመሪያ መድኃኒት የሚጠይቀው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትን ነው። ድሬ ላይ ቅርንጫፍ አለው፣ ራሱ ግን የፌደራል መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ከጠፋ «የለም» የሚል ማረጋገጫ በማኅተም ይሰጣል። ተቋሙ ያንን ወረቀት ይዞ ነው ከግል አስመጪ በጨረታ የሚገዛው። ይቺ ወረቀት ትንሽ ትመስላለች። አንድ የምክር ቤት አባል የዓመቱን «የለም» ወረቀቶች በሙሉ ሰብስቡና አምጡልኝ ቢል ግን የመድኃኒት እጥረቱን ታሪክ ከማንኛውም ሪፖርት በተሻለ ያገኘዋል። የትኛው መድኃኒት፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ጊዜ ጠፋ? ከወረቀቱ እስከ ግዥው ስንት ቀን ፈጀ? የዘገየው የፌደራሉ መድኃኒት አቅራቢ ከሆነ ጥያቄው ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የዘገየው የግዥ ኮሚቴው ከሆነ እዚሁ ድሬ ይቀራል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። አባወራው በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሏል። ጤና ጣቢያ ሄደ፣ ታየ፣ መድኃኒቱ ግን የለም ተብሎ ከግል መድኃኒት ቤት ከኪሱ ገዛ። በሚቀጥለው ዓመት ለምን ያድሳል? ካላደሰ የመድኑ ቋት ይሳሳል። ቋቱ ሲሳሳ ለተቋሙ የሚከፈለው ይዘገያል። ተቋሙ ገንዘብ ሲያጥረው ለመድኃኒት አቅራቢው ዕዳውን አይከፍልም፣ መድኃኒቱም አይመጣም። ለምክር ቤቱ «የመድን አባላት እድሳት ቀነሰ» ተብሎ ሲነገር ሕዝቡ ግንዛቤ ያነሰው ተደርጎ ይቀርባል። ሕዝቡ እኮ ገብቶታል።

ሰው ሲጎድል

የጤና በጀት ትልቁ ወጪ ደመወዝ ነው። ከዚያ የተረፈው ነው ሥራ ማስኬጃ የሚሆነው፦ ነዳጅ፣ ውሎ አበል፣ ጥገና፣ የጽዳት ዕቃ። ካፒታል የሚባለው ደግሞ ሕንፃና ትልልቅ መሣሪያ ነው። ሪባን የሚቆረጠው በካፒታል ነው፤ አገልግሎቱ የሚቆመው ግን ሥራ ማስኬጃው ሲያልቅ ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተሻሽሏል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው 11,500 ሆኗል። ተገቢ ነው። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በምቾት አልነበረም። ለምክር ቤት አባል ግን ተከታዩ ጥያቄ ይቀራል፦ ደመወዙ ሲያድግ ሥራ ማስኬጃው አብሮ አደገ ወይስ ተጨመቀ? የተከፈለው ባለሙያ በባዶ እጁ ምን ይሠራል?

የሰው ኃይል ሪፖርት ሲቀርብ ሁለት ቁጥሮችን ለይቶ ማየት ነው። አንዱ መዋቅሩ የሚፈቅደው የሥራ መደብ ነው። ሌላው መደቡ ላይ ያለው ሰው ነው። የመጀመሪያው የምኞት ቁጥር ነው። ሁለተኛውም ቢሆን በደንብ መታየት አለበት። መደቡ ላይ ስሙ ያለ ሰው ትምህርት ላይ ሊሆን ይችላል፣ በወሊድ ፈቃድ ላይ ልትሆን ትችላለች፣ ቢሮ ውስጥ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮም ሊሆን ይችላል። ከሪፖርቱ ይልቅ የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን የተረኞች ሰንጠረዥ ማየት ይሻላል። በእጅ የተጻፈ ነው፣ ስም ተሰርዞ በላዩ ሌላ ስም ተጽፎበታል። አንዲት አዋላጅ በሳምንት ስንት ሌሊት እንዳደረች እዚያ ላይ ይቆጠራል። የምክር ቤት ኮሚቴ ለጉብኝት ሲመጣ ግቢው ይጠረጋል፣ አዲስ አንሶላ ይነጠፋል። ሰንጠረዡን ግን ማንም አያነሳውም፣ ማንም ያየዋል ብሎ ስለማያስብ።

ከዚህ ጋር የሚሄደው የዲዩቲ ክፍያ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለወራት ሲዘገይ ባለሙያው አፉን ዘግቶ ወደ ግል ክሊኒክ ይሄዳል። ሥራ የለቀቀው ሰው ፋይል ላይ «በራሱ ፈቃድ» ይጻፋል። ወደ ገጠር ስንወጣ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ፕሮግራሙ ከ1995 ጀምሮ ሲዘረጋ ሐሳቡ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ በእሱም ሁለት ሠራተኞች እንዲኖሩ ነበር። አንዷ ስትለቅ ጤና ኬላው በሪፖርት ላይ ክፍት ነው፣ በእውን ግን ሌላዋ ለሪፖርት ወይም ለሥልጠና ከተማ በወረደች ቀን ሁሉ ዝግ ነው።

ወሊዱ ነጻ ነው፣ መንገዱ ግን

አሁን ብዙዎቹ ሪፖርቶች የሚዘሉት ቦታ ደርሰናል።

በመንግሥት ጤና ተቋም ወሊድ ነጻ ነው። የእርግዝና ክትትሉም፣ ክትባቱም፣ የቲቢ ሕክምናውም እንዲሁ። በጀቱ ተመድቧል፣ አዋላጇ ተቀጥራለች። የምትወልደው ሴት ግን ያለችው በድሬ ገጠር ነው፤ ጀልዴሳ፣ ወይም ከዋሂል ራቅ ብሎ ባለ መንደር። ምጡ የመጣው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የጤና ባለሙያዎች እናትን የሚገድሉት ሦስት መዘግየቶች ናቸው ይላሉ። ለመሄድ መወሰን ሲዘገይ፣ መንገድ ላይ ሲዘገይ፣ ተቋም ከተደረሰ በኋላ ሲዘገይ። የመጀመሪያውን ኤክስቴንሽኗ ታስተምራለች። ሦስተኛውን ሆስፒታሉ ይጠየቅበታል። ሁለተኛውስ? እሱ የማን ነው?

መልሱ የተበታተነ ነው። አምቡላንሱን ብዙ ጊዜ ጤና ሚኒስቴር ገዝቶ ነው የሚያከፋፍለው። ነዳጁና የሹፌሩ ደመወዝ ከአስተዳደሩ ሥራ ማስኬጃ ነው። መንገዱ የመንገዶች መሥሪያ ቤቱ ሥራ ነው። አምቡላንስ ሲጠፋ የሚፈለገው ባጃጅ ወይም አይሱዙ ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው። ምክር ቤቶች በኮሚቴ ነው የሚሠሩት። በፌደራል ደረጃ ጤናው «የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች» ቋሚ ኮሚቴ ጋ ነው። ትራንስፖርቱ «የከተማ፣ መሠረተ ልማትና ትራንስፖርት ጉዳዮች» ጋ ነው። ወደ ታች ሲወርድም አስተሳሰቡ ያው ነው፤ ጤና ለብቻ፣ መንገድ ለብቻ። ስለዚህ የጤናው ኮሚቴ «አልጋ አለ?» ይላል፣ አለ። የትራንስፖርቱ ኮሚቴ «ስምሪት ተሰጥቷል?» ይላል፣ ተሰጥቷል። ሁለቱም በአረንጓዴ ያልፋሉ። ሴትየዋ ግን መንገድ ላይ ናት።

የድሬን ትራንስፖርት ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይደለም። ቀን ቀን ከሳቢያን ተነስቶ ለገሃሬ መድረስ ቀላል ነው፣ ባጃጁ ሞልቷል። ማታ ግን ታሪፍ የሚባል ነገር ይተኛል። «ኮንትራት ነው» ይባላል፣ ዋጋው እንደ ሹፌሩ ፊትና እንደ ታካሚው ጩኸት ነው። ቤንዚን በጠፋ ሳምንት ደግሞ ቀኑም እንደ ማታው ይሆናል። ከተማዋን ለሁለት በሚከፍለው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሲመጣ የከተማዋ ሁለት ወገን ይቆራረጣል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል፤ ድሬ ያንን አትረሳም። የጤና እቅድ ላይ «ክረምት በደቻቱ ማዶ ያለ ታካሚ በየት ይመጣል?» የሚል አንድ አንቀጽ መኖር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሠራተኛውም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። የማታ ተረኛዋ ነርስ ሥራዋን ስትጨርስ ሰርቪስ ከሌለ ወይ ከደመወዟ ኮንትራት ትከፍላለች ወይ እስኪነጋ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። ቀጥሎ ያለው እርምጃዋ ዝውውር መጠየቅ ነው። ሪፖርቱ ላይ ይህ «የባለሙያ ፍልሰት» ሆኖ ይመጣል። መነሻው ግን የሰርቪስ ነዳጅ ሊሆን ይችላል።

ምክር ቤት ላይ ጉዳዩ እንዴት እንደሚነሳ በምናብ እንየው። አንድ አባል ተነስተው «የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ የአምቡላንስ አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል ቢብራራልን» ይላሉ። ኃላፊው ይመልሳሉ፦ «ላነሱት ገንቢ ጥያቄ እያመሰገንኩ፣ አገልግሎቱን ለማጠናከር ሰፊ ሥራ እየተሠራ ነው፤ አንዳንድ ውስንነቶች ቢኖሩም በቀጣይ እንቀርፋቸዋለን።» አለቀ። ጥያቄው ሰፊ ስለነበር መልሱም ሰፍቶ አመለጠ።

ያው ጥያቄ እንዲህ ቢቀርብስ? «ባለፉት ሦስት ወራት ከጀልዴሳ ስንት የአምቡላንስ ጥሪ መጣ? ለስንቱ ተሄደ? መኪናው ጋራዥ የቆመው ስንት ቀን ነው፣ በምን ዕቃ ምክንያት? የጉዞ መዝገቡን ይዘው መጥተዋል?» የጉዞ መዝገብ የሚባለው ሹፌሩ ጋ ያለው ደብተር ነው። የተነሳበት ሰዓት፣ የደረሰበት ቦታ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡና ፊርማው አለበት። ኪሎ ሜትሩን ከተቀዳው ነዳጅ ጋር ማስተያየት የሂሳብ ሊቅ አይጠይቅም። አምቡላንሱ ሕመምተኛ እየጫነ ነው ወይስ ስብሰባ እያመላለሰ ነው የሚለው እዚያ ላይ ይታያል።

መፍትሔው ሁልጊዜ መኪና መግዛት አይደለም። በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚባል ቤት አለ። እናት ቀኗ ሲቃረብ መጥታ እዚያ ትጠብቃለች፣ ሌሊት የሚያስሮጥ ነገር የለም። ግን ቤቱ ተሠርቶ ምግብ ከሌለው፣ ወይም አብራት የመጣችው እናቷ የምታድርበት ካጣች ባዶውን ይቀመጣል። ሕንፃው ካፒታል ነው፣ ምግቡ ሥራ ማስኬጃ ነው። ሁለቱን ያላገናኘ በጀት የተቆለፈ ቤት ያተርፋል።

በነገራችን ላይ ይህ የመለያየት ችግር የትራንስፖርት ብቻ አይደለም። ድሬ በትንኝ የሚተላለፉ የትኩሳት በሽታዎችን አይታለች፤ በ2006 መጀመሪያ ደንጊ፣ በ2011 መጨረሻ ቺኩንጉንያ። በ2014 ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለችው የከተማ ወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ ነበር። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ስለዚህ የወባ በጀት ግማሹ ውሃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ጤና ቢሮውን ብቻ ጠርቶ ስለ ወባ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው።

ኦዲተሩ ሲመጣ

ኦዲት ሁለት ዓይነት መልክ አለው። የሂሳብ ኦዲት ብሩ በደንቡ መሠረት መውጣቱን ያያል። የክዋኔ ኦዲት ብሩ የታሰበለትን ሥራ መሥራቱን ያያል። እኛን የሚመለከተን በዋናነት ሁለተኛው ነው፤ ዜና የሚሆነው ግን የመጀመሪያው። በፌደራል ደረጃ ዋና ኦዲተሩ ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴም መሥሪያ ቤቶቹን እየጠራ በግኝቱ ላይ ይጠይቃል። በድሬም የአስተዳደሩ ዋና ኦዲተር ለአስተዳደሩ ምክር ቤት ያቀርባል።

ቋንቋው ደረቅ ስለሆነ ሰው ይሸሸዋል እንጂ ከባድ አይደለም። «በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ» ማለት ለሥልጠና ወይም ለግዥ ብር ወስዶ ደረሰኙን ያልመለሰ ሰው አለ ማለት ነው። ብሩ ተበልቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ዓመት ካለፈው ግን አዎ፣ ይጠርጠር። «በሥራ ላይ ያልዋለ በጀት» ማለት ተሰጥቶ ያልተጠቀሙበት ነው። በጤና ውስጥ ይህ ከብክነት የማይተናነስበት ጊዜ አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ላይ ስለሚዘጋ ሰኔ ላይ የግዥ ሩጫ ይነሳል፣ ቶሎ የሚገኝ ዕቃ ይገዛል፣ የሚያስፈልገው ይቀራል። ከመጋዘን ቆጠራ ጋር የሚመጣው «የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት» ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። አንዱ ጤና ጣቢያ የሚጥለውን ሌላው ፈልጎ አጥቶት ሊሆን ይችላል።

ኦዲት አንድ ድክመት አለው። የሚመጣው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ኃላፊው ተቀይሯል፣ አዲሱ «ከእኔ በፊት ነው» ይላል። ምክር ቤቱም «እርምት ይወሰድ» ብሎ ያልፋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ግኝት ያው ገጽ ላይ ይመጣል። ስለዚህ የአዲሱን ኦዲት ከማንበብ በፊት ያምናውን ገልጦ ስንቱ እንደታረመ መጠየቅ ብዙ ያተርፋል።

በግልጽ መነገር ያለበት ነገርም አለ። ጠያቂውና ተጠያቂው የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሲሆኑ ጥያቄው ይለሰልሳል። የቢሮ ኃላፊውና የምክር ቤት አባሉ ማታ በአንድ የፓርቲ ስብሰባ ላይ ይገናኛሉ። ይህ በሕግ አንቀጽ የሚፈታ ነገር አይደለም። ቢሆንም ቁጥር ያለው፣ ቀንና ቦታ የተጠቀሰበት ጥያቄ ለፓርቲ ሰውም ቢሆን ለማለስለስ ያስቸግራል። ለዚህም ነው ነዋሪው የሚያቀብለው መረጃ ዋጋ ያለው።

ነዋሪው መረጃውን የሚያገኝበት መንገድ አለ። ሆስፒታሎች «ከሕዝብ ክንፍ ጋር» የሚሉት፣ ነዋሪውን የሚጠሩበት ስብሰባ አላቸው። ጤና ጣቢያዎች ላይ ማኅበረሰቡ አገልግሎቱን ነጥብ የሚሰጥበት የውጤት መስጫ ካርድ አለ። ሰው እነዚህን ለውሎ አበልና ለሻይ የሚጠሩ ስብሰባዎች አድርጎ ያያቸዋል። እኔም አልፈርድበትም። ግን እዚያ የተነገረው ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል፣ ቃለ ጉባኤው ደግሞ ለምክር ቤት አባል ጥሩ ጥይት ነው። ከዚያ ውጪ የመረጃ ነጻነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ጥያቄው ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በጽሑፍ ይገባል፣ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከተከለከሉ አቤቱታው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በጀቱ የሚጸድቀው ሰኔና ሐምሌ ላይ ቢሆንም የሚበስለው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ጤና ጣቢያው እቅዱን ለቢሮ፣ ቢሮው ለፋይናንስ፣ ፋይናንስ ለካቢኔ ያቀርባል። ሰነዱ ምክር ቤት ሲደርስ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ብር ማዛወር ጭንቅ ነው። ስለዚህ «ለእናቶች ማቆያው የምግብ በጀት ይያዝ» የሚል ሰው በሰኔ ቢጮህ ምስጋና ብቻ ያገኛል። በጥር ወይም በየካቲት ለጤና ጣቢያው ቦርድ በጽሑፍ አስገብቶ፣ ቅጂውን ለአካባቢው የምክር ቤት ተመራጭ ሰጥቶ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ካስመታ ግን በሰኔ ተመራጩ እጃቸውን ሲያወጡ የሚጠቅሱት ቁጥር ያለው ደብዳቤ ይኖራቸዋል።